የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የትኛውን ዘርፍ ይምረጥ? የሥራ አማራጮች ንጽጽር

«ኤሌክትሪካል ኢንጂነር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው። አንዱ ቀጣሪ ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ የፕሮቴክሽን ሪሌይ፣ ማለትም ጥፋት ሲፈጠር መስመሩን የሚያስጠፋ መሣሪያ፣ የሚፈትሽ ሰው ይፈልጋል። ሌላው የፋብሪካ መስመር በቆመ ቁጥር በሌሊትም ቢሆን ደርሶ የሚያስነሳ፣ ሌላው ቢሮ ተቀምጦ የሕንፃ ኬብልና መብራት የሚያሰላ፣ ሌላው ደግሞ ከመዳፍ ባነሰች ሰርኪዩት ቦርድ ላይ በሲ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፍ። የሁሉም ዲግሪ አንድ ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ተረክቦ መሥራት ያቅተዋል።

ስለዚህ ዘርፍ ሲመረጥ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ማን የተሻለ ይከፍላል?» የሚለው አይመስለኝም። «እዚህ ሦስት ዓመት ብሠራ የምይዘውን ሙያ ሌላ ማን ይፈልገዋል?» የሚለው ይቅደም። ደመወዝ በድርድርም በዝውውርም ይስተካከላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሪፖርት ሲያጠናቅርና ሌላ ሰው የሠራውን ዲዛይን ሲያትም የቆየ መሐንዲስ ግን ያንን ጊዜ መልሶ አያገኘውም።

## በምን እንመዝን?

የዕለት ሥራው። ከዘርፉ ስም ይልቅ የሥራ መደቡን ይመልከቱ። በአንድ የኃይል ድርጅት ውስጥ የዕቅድ መሐንዲስና የጥገና መሐንዲስ ውሏቸው አይገናኝም። የሲሚንቶ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስና የማዕድን ማውጫ የጥገና መሐንዲስ ግን ዘርፋቸው ቢለያይም የሚነኩት ሞተር፣ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠር ድራይቭና ሰርኪዩት ብሬከር በብዙ ይመሳሰላል።

የመሻገር ዕድሉ። የተማሩት ነገር የአንድ ድርጅት አሠራር ብቻ ነው ወይስ ሌላ ቦታም የሚሠራ? የአጭር ዙር ስሌት፣ የሪሌይ ሴቲንግ፣ የፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽን የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ፕሮግራም፣ የኬብል ምርጫና የኧርዚንግ (ከመሬት ጋር የማገናኘት) ዲዛይን በሁሉም ቦታ ይፈለጋሉ። የአንድ ድርጅት የውስጥ ቅጽና የማጽደቂያ ሰንሰለት ግን ከበሩ ውጭ ዋጋ የለውም።

መግቢያው። የሙያ ፈቃድ፣ ሶፍትዌር፣ የደኅንነት ሥልጠና ወይም ሁለተኛ ዲግሪ ይጠይቃል? ያንን ለማሟላት ስንት ወር ይፈጃል?

የገንዘቡ ምንጭ። የሥራ ዋስትናን የሚወስነው ቀጣሪው ገንዘቡን የሚያገኝበት መንገድ ነው። ከወርኃዊ የመብራት ሂሳብ የሚተዳደር ድርጅትና ከአንድ ፕሮጀክት ወደ ሌላው ከሚሸጋገር ኮንትራክተር እኩል ዋስትና አይጠበቅም። የነዳጅና የማዕድን ኩባንያ ደግሞ የዓለም ገበያ ዋጋ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያጥፈው አዲስ ፕሮጀክትንና አዲስ ቅጥርን ነው።

የክፍያው አሠራር። ጠቅላላውን ቁጥር ለብቻው አይዩት። የመነሻ ደመወዝ፣ የውሎ አበል፣ የትርፍ ሰዓትና የፈረቃ ክፍያ ተነጣጥለው ይቀመጡ። በብዙ ቦታ ጡረታና የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በመነሻ ደመወዝ ነው፤ ከዚህም ሌላ ግማሹ አበል የሆነ ክፍያ ሳይቱ ሲያልቅ ወይም ሰው ሲታመም በአንድ ጊዜ ይወርዳል።

አደጋውና ጊዜው። ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ከፍታ፣ ፈንጂ ጋዝ፣ የሌሊት ጥሪ፣ ከቤተሰብ መራቅ። እነዚህን «እችለዋለሁ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ለሁለትና ለሦስት ዓመት መቻል ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከቤት ሰው ጋር ተመካክሮ መወሰን ይሻላል።

## ኃይል ማመንጨት፣ ማስተላለፍና ማከፋፈል

የዚህ ዘርፍ ጥንካሬ የማይቋረጥ መሆኑ ነው። መብራት የሚፈልግ ሰው እስካለ ድረስ ትራንስፎርመር ይጠገናል፣ መስመር ይዘረጋል። ድክመቱ ዝግታው ነው። ዕድገት በአገልግሎት ዘመን በሚታሰብባቸው ቤቶች አንድ ጀማሪ ለብቻው ውሳኔ እስኪሰጥ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ውስጡ ብዙ ዓይነት ሥራ አለ። ኦፕሬሽን በፈረቃ ኔትወርኩን መከታተልና ብሬከር ማስከፈት፣ ማስዘጋት ነው። ጥገና ላይ የተመደበ ሰው ትራንስፎርመር ሜገር ያደርጋል (የኢንሱሌሽኑን ጤንነት በመለኪያ ይፈትሻል)፣ የጥቅል ሬዚስታንስ ይለካል፣ የዘይት ናሙና ወስዶ የተሟሟውን ጋዝ ያስመረምራል። ዘይቱ ውስጥ አሲቲሊን ከታየ ውስጡ አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) እንደነበር ይጠረጠራል። የዕቅድ ክፍል ደግሞ ኢታፕ ወይም ፓወርፋክቶሪ በተባሉ ሶፍትዌሮች ሎድ ፍሎው (በየመስመሩ የሚፈሰውን ኃይል) እና አጭር ዙር ያሰላል፤ ሥራው የቢሮ ስለሆነ ማታ ቤት መግባት ለሚፈልግ ይመቻል።

ከሁሉ በላይ ተፈላጊ ሆኖ የሚቆየው ግን ፕሮቴክሽን ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን በቅርበት ለማየት አንድ የዲስታንስ ሪሌይ፣ ማለትም ጥፋቱ በመስመሩ ላይ ምን ያህል እንደራቀ የሚገምት ሪሌይ፣ እንውሰድ። ዞን 1 ብዙውን ጊዜ የሚሞላው ለመስመሩ 80 በመቶ ያህል ሲሆን ያለ መዘግየት ትሪፕ ያደርጋል (መስመሩን ያጠፋል)። ዞን 2 መስመሩን አልፎ እስከ 120 በመቶ ገደማ ያያል፤ ነገር ግን ከ0.3 እስከ 0.5 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ዞን 1 ለምን 100 በመቶ አልተደረገም? ለሪሌዩ ልኬት የሚሰጡት የከረንት ትራንስፎርመሩም፣ የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩም፣ የመስመሩ ኢምፒዳንስ መረጃም የየራሳቸው ስህተት አላቸው። ሪሌዩ በዚያ ስህተት ምክንያት የሚቀጥለውን ጣቢያ ጥፋት የራሱ አድርጎ ቢቆጥር ጤነኛው መስመር አብሮ ይጠፋል።

ሌላም አለ። የሚገባውንና የሚወጣውን ከረንት በሚያወዳድረው የትራንስፎርመር ዲፈረንሻል ፕሮቴክሽን ላይ የአንድ ወገን የከረንት ትራንስፎርመር ፖላሪቲ (የከረንት አቅጣጫ) ከተገለበጠ መቀናነስ የነበረባቸው ሁለት ከረንቶች ይደመራሉ፤ ሪሌዩም ጤነኛውን ትራንስፎርመር ሎድ እንደያዘ ያጠፋዋል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ትራንስፎርመሩ ኃይል ካገኘ በኋላ በአነስተኛ ሎድ የሁለቱን ወገን ከረንት መጠንና አንግል ሳያነብ የፍተሻ ወረቀት አይፈርምም። የከረንት ትራንስፎርመር ሴኮንደሪንም ሎድ ላይ እያለ ክፍት አያደርግም፤ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይፈጠራል። ይህን ዓይነት ፍርድ ከመጽሐፍ ብቻ ማግኘት አይቻልም። ሰብስቴሽን ባለበት ሁሉ፣ በማዕድን፣ በባቡር፣ በዳታ ሴንተር፣ በሶላር ማመንጫ፣ ይፈለጋል። በዚህ ላይ አይኢሲ 61850 የተባለውን ዓለም አቀፍ የሰብስቴሽን ኮሙኒኬሽን ደረጃ የጨመረ ሰው ለረጅም ጊዜ ሥራ አይፈልግም፤ ሥራው እሱን ይፈልገዋል።

## ፋብሪካና አውቶሜሽን

ለጀማሪ ከሁሉ ቶሎ የሚያስተምረው ይህ ዘርፍ ነው። ፋብሪካ ሲቆም ኪሳራው በየደቂቃው ስለሚቆጠር መሐንዲሱ ወዲያው ወደ ችግሩ ይገፋል።

የሚነካው መሣሪያ ፒኤልሲ፣ የሞተር ድራይቭ፣ ሴንሰር፣ ኤችኤምአይ (የማሽን መቆጣጠሪያ ስክሪን) እና የኢንዱስትሪ ኔትወርክ ነው። ለምሳሌ የታንክ ደረጃ መለኪያ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር ሲግናል ይልካል። 4 ማለት ባዶ፣ 20 ማለት ሙሉ ነው፤ 12 ሲነበብ ታንኩ ግማሽ ላይ ነው። መነሻው ዜሮ ያልሆነበት ምክንያት ሽቦ ሲበጠስ ከባዶ ታንክ ጋር እንዳይምታታ ነው። ንባቡ ከ3.6 በታች ከወረደ ታንኩ ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ሽቦው ወይም መለኪያው ተበላሽቷል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህን ልዩነት ካላስገባ ፓምፑ ታንኩ ባዶ መስሎት ውኃውን እስኪያፈስ ይሞላል። ሞተር ላይም እንደዚሁ ነው። ስታር ዴልታ የተባለው የሞተር ማስነሻ ዘዴ የመነሻ ከረንቱን ወደ አንድ ሦስተኛ ቢያወርድም ቶርኩን (የማዞር ጉልበቱን) አብሮ ወደ አንድ ሦስተኛ ያወርደዋል። ስለዚህ ዕቃ የተጫነበትን ኮንቬየር በስታር ማስነሳት ያቅተዋል፤ ወደ ዴልታ ሲቀየርም ከባድ ከረንት ይስባል። ድራይቭ ከሞተሩ ርቆ በረጅም ኬብል ሲገናኝ ደግሞ የሞተሩ ኢንሱሌሽን የሚጎዳበት፣ ቤሪንጉም በከረንት የሚቆረፈድበት ጊዜ አለ።

እዚህ ሁለት ዓይነት ቀጣሪ አለ፤ ልዩነታቸው ትልቅ ነው። የፋብሪካው የራሱ ጥገና ክፍል አንድን ማሽን ጠልቆ ያስተምራል፣ ደመወዙም የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን የሌሊት ጥሪና ፈረቃ አይቀርለትም። ለተለያዩ ፋብሪካዎች የቁጥጥር ሥርዓት የሚገጥም የሲስተም ኢንተግሬተር ድርጅት ደግሞ በየጥቂት ወሩ አዲስ ፕሮጀክት፣ አዲስ የፒኤልሲ ዓይነት ያሳያል፤ ጉዞ ይበዛበታል፣ የመረከቢያ ቀን ሲደርስ እንቅልፍ ያሳጣል። ሙያ ለመያዝ ኢንተግሬተር ይሻላል። ቤተሰብ ላለውና በአንድ ከተማ መቆየት ለሚፈልግ ፋብሪካው ይመቻል።

ከፋብሪካ ቅጥር በፊት አንድ ነገር ይጣራ፦ የፒኤልሲው ፕሮግራም በማን እጅ ነው? ማሽኑን የሸጠው ድርጅት በይለፍ ቃል ቆልፎት ከሄደ መሐንዲሱ ፊውዝ ከመቀየርና ስልክ ከመደወል አያልፍም። በሦስት ዓመትም የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

## ታዳሽ ኃይልና ባትሪ

ፈላጊው ብዙ ነው፤ ሥራው ግን በማዕበል ይመጣል። የሶላር ማመንጫ ሲገነባ ብዙ መሐንዲስ ይቀጠራል፣ ግንባታው ሲያልቅ ጣቢያውን የሚያስተዳድሩት ጥቂት ናቸው። መንግሥታት የታሪፍና የጨረታ ፖሊሲ ሲቀይሩም ቅጥሩ አብሮ ይለዋወጣል።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ ውስጥ የት እንደሚገቡ መምረጥ ያስፈልጋል። ፓነል ማሰርንና ኬብል መሳብን ብቻ መቆጣጠር በቀላሉ የሚተካ ሥራ ነው። የኢንቨርተር (ዲሲን ወደ ኤሲ የሚቀይር መሣሪያ)፣ የሚዲየም ቮልቴጅ፣ የግሪድ ኮድ (ከኃይል ኔትወርክ ጋር የመገናኛ ደንብ) ጥናትና የባትሪ ማከማቻ ሥራ ግን ወደ ኃይል ዘርፍ በቀጥታ ይሻገራል።

የዲዛይን ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱ ግን ውድ ነው። አንድ ፓነል በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ክፍት ቮልቴጁ (ምንም ሳይገናኝበት የሚለካው) 50 ቮልት ቢሆንና በየዲግሪው 0.28 በመቶ ቢቀያየር፣ በ0 ዲግሪ ጠዋት 7 በመቶ ጨምሮ 53.5 ቮልት ይሆናል። ሃያ ፓነል በተከታታይ ያሰረ ሰው በወረቀት 1000 ቮልት አየ፤ በብርዱ ጠዋት ግን 1070 ደርሶ የ1000 ቮልት ኢንቨርተር ያቃጥላል። ትክክለኛው ቁጥር 18 ነው። ሌላው የተለመደ ጥፋት የተለያየ አምራች የሠራቸውን የዲሲ ማገናኛዎች ማጋባት ነው። ሲገጠሙ ልክ ይመስላሉ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ግንኙነቱ ይሞቅና እሳት ያስነሳል።

## ሕንፃና ግንባታ

ከሁሉም ዘርፍ በላይ ብዙ መሐንዲስ የሚይዘው ሳይሆን አይቀርም። ሥራው ሎድ መገመት፣ የቦርድ ንድፍ፣ ኬብልና ብሬከር መምረጥ፣ መብራት በዲያሉክስ ሶፍትዌር ማስላት፣ ጀነሬተር፣ የእሳት ማንቂያ፣ መብረቅ መከላከያና ኧርዚንግ ነው። መግቢያው ቀላል ነው፤ አውቶካድና ሬቪት የተባሉትን የንድፍ ሶፍትዌሮች የቻለና የአይኢሲ 60364 ወይም የሀገሩን የሽቦ ዝርጋታ ደንብ ያነበበ ጀማሪ ቦታ ያገኛል።

ደካማ ጎኑ ግንባታ ሲቀዘቅዝ አብሮ መቀዝቀዙና ብዙ ቢሮዎች ካለፈው ፕሮጀክት ገልብጠው መሥራታቸው ነው። ገልብጦ የሚሠራ የት እንደሚሳሳት ለማየት የኬብል ስሌት ይበቃል። በአየር ላይ ለብቻው 100 አምፒር የሚሸከም ኬብል ከሌሎች አምስት የተጫኑ ኬብሎች ጋር በአንድ ላይ ሲታቀፍ በአይኢሲ ሠንጠረዥ መሠረት የሚሸከመው 57 አምፒር ያህል ብቻ ነው። ዲዛይነሩ ይህን ቅናሽ ከዘለለ ብሬከሩ ሳይጠፋ ኬብሉ ውስጥ ለውስጥ ይቀቀላል።

እዚህ ዘርፍ የገባ ሰው ዲዛይን ላይ ሁለት ዓመት፣ ሳይት ላይ ሁለት ዓመት ቢሠራ ሙያው ይሞላል። የሙያ ፈቃድ ካወጣ በኋላ የራስን ቢሮ ለመክፈት ከሁሉ የሚቀለው ይህ ዘርፍ ነው፤ መነሻ ካፒታሉ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ነው።

## ቴሌኮምና ዳታ ሴንተር

ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣኋቸው የሚያመሳስላቸው ነገር ስላለ ነው፤ ለሁለቱም ኃይል ለአንድ ሰከንድ መቋረጥ የለበትም። የቴሌኮም ጣቢያ በተለምዶ በኔጌቲቭ 48 ቮልት ዲሲ፣ በሬክቲፋየር (ኤሲን ወደ ዲሲ በሚቀይር መሣሪያ) እና በባትሪ ይሠራል። የጣቢያ ጥገና መሐንዲስ ጊዜውን የሚያጠፋው ከአንቴናው ይልቅ ከጀነሬተርና ከባትሪ ጋር ነው። የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ ያወቀ ሰው፣ ባትሪ ከማዘዙ በፊት ማቀዝቀዣውን ያስጠግናል።

ዳታ ሴንተር ላይ ዩፒኤስ (ኃይል ሲቋረጥ ወዲያው የሚተካ የባትሪ መሣሪያ)፣ ጀነሬተርና አውቶማቲክ መቀየሪያ በመጠባበቂያ ይደራረባሉ። ኤን ሲደመር አንድ ማለት ከሚያስፈልገው ላይ አንድ ተጨማሪ፤ ሁለት ኤን ማለት ደግሞ ሙሉው ሥርዓት በእጥፍ ነው። የመጨረሻው ፍተሻ የከተማውን ኃይል ሆን ብሎ አቋርጦ ሁሉም በተራው መነሳቱን ማየት ነው። የፕሮቴክሽንና የኮሚሽኒንግ (አዲስ መሣሪያ ፈትሾ ሥራ የማስጀመር) ልምድ ያለው ሰው እዚህ በደንብ ይከፈለዋል። ጀማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፈረቃ ኦፕሬተርነት ይገባል፤ ሥራው ፀጥ ያለ ስለሆነ በራስ ጥረት ካላጠኑ እዚያው መቅረት አለ።

## ነዳጅ፣ ጋዝና ማዕድን

ክፍያው ከፍ ያለ ነው፣ ሕይወቱ ከባድ ነው። 28 ቀን ሥራ፣ 28 ቀን ዕረፍት የመሰለ ዙር የተለመደ ነው። ልዩ ዕውቀቱ ፈንጂ ጋዝ ያለበት ቦታ የሚገጠም መሣሪያ ነው። አካባቢው እንደ ጋዙ ቆይታ ዞን 0፣ ዞን 1 ወይም ዞን 2 ተብሎ ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱም የተፈቀደ መሣሪያ አለ። ፍንዳታን በውስጡ ይዞ የሚያስቀር ሳጥን ክዳኑ የሚገጥምበት ገጽ በስክሩድራይቨር ከተጫረ ወይም አንድ ብሎን ከጎደለ መከላከያነቱ ያበቃል። ለዚህ ሥራ የብቃት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁ ቀጣሪዎች ብዙ ናቸው፤ ወረቀቱን ቀድሞ የያዘ ይቀድማል። የሸቀጥ ዋጋ ሲወድቅ ግን ቅነሳው ፈጣን ስለሆነ ገቢውን በልክ መያዝና ቢያንስ የስድስት ወር ወጪ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

## ኤሌክትሮኒክስ፣ ኢምቤድድና ቺፕ

ከኃይል ሥራ የተለየ ዓለም ነው። ኢምቤድድ ማለት በመሣሪያ ውስጥ በተቀበረ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ነው፤ ኦሲሎስኮፕ፣ ሶልደር፣ ሲ ቋንቋና ትዕግሥት ይፈልጋል። ጥቅሙ ሥራው በርቀትም ሊሠራ መቻሉና ቀጣሪው ከወረቀት ይልቅ የሠሩትን ማየቱ ነው። አንድ ቦርድ በኪካድ ሶፍትዌር ነድፎ፣ አሠርቶ፣ ፕሮግራም ጽፎለት የሚሠራ አድርጎ ማሳየት ከብዙ ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ቮልቴጁን የሚያረጋጋውን ዲካፕሊንግ ካፓሲተር ከቺፑ አርቆ ማስቀመጥ፣ የግራውንድ መመለሻን መቆራረጥ፣ ከዚያም ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ ሞተር አጠገብ ሲገባ ራሱን ሪሴት ማድረግ።

የቺፕ ዲዛይን በጥቂት ከተሞች የተሰበሰበ ነው፣ ሁለተኛ ዲግሪም በብዛት ይጠየቃል። የመግቢያው ሰፊ በር ቬሪፊኬሽን (ዲዛይኑን ቀድሞ መፈተሽ) ነው፤ ቺፕ አንዴ ከተመረተ በኋላ ስህተት ማረም እጅግ ውድ ስለሆነ ኩባንያዎች የሚፈትሽ ሰው በብዛት ይቀጥራሉ።

## ባቡር፣ መኪና፣ አውሮፕላንና የሕክምና መሣሪያ

አራቱም የሚጋሩት ነገር ጥብቅ የደኅንነት ደረጃና ብዙ ሰነድ ነው። ባቡር ላይ የ25 ኪሎ ቮልት 50 ኸርዝ ትራክሽን ሰብስቴሽን ለኃይል መሐንዲስ እንግዳ አይደለም፤ ሲግናሊንግ (የባቡር እንቅስቃሴ ምልክት ሥርዓት) ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በ400 እና በ800 ቮልት ባትሪ፣ በኢንቨርተርና የመኪናውን መቆጣጠሪያዎች በሚያገናኘው ካን ኔትወርክ ላይ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል፣ የቻርጀር ተከላውም ከሕንፃና ከማከፋፈያ ሥራ ጋር ይገናኛል። አውሮፕላን ክብደት ለመቀነስ 115 ቮልት 400 ኸርዝ ይጠቀማል። የሕክምና መሣሪያ ደግሞ በማይክሮ አምፒር የሚለካ የሊኬጅ ከረንት (የሚያፈተልክ ከረንት) ገደብ አለበት። ልብን በቀጥታ ለሚነካ መሣሪያ በጤነኛ ሁኔታ የተፈቀደው 10 ማይክሮ አምፒር ነው። ሰነድ መጻፍ የሚሰለቸው ሰው በእነዚህ ዘርፎች አይደሰትም፤ ጥንቃቄ የሚወድ ግን ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ዘርፍ | ጀማሪ መግባት | የሥራ ዋስትና | ክፍያ | የመሻገር ዕድል | የሚከብደው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኃይል (ፕሮቴክሽን፣ ጥገና) | መካከለኛ | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ በልምድ የሚያድግ | በጣም ሰፊ | ዝግታ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ |
| የፋብሪካ ጥገና | ቀላል | ጥሩ | መካከለኛ | ሰፊ | ፈረቃ፣ የሌሊት ጥሪ |
| ሲስተም ኢንተግሬተር | መካከለኛ | በፕሮጀክት | ጥሩ | በጣም ሰፊ | ጉዞ፣ ጥድፊያ |
| ሶላር፣ ነፋስ፣ ባትሪ | ቀላል | የሚዋዥቅ | መካከለኛ | እንደ መደቡ | የፖሊሲ ለውጥ፣ ሩቅ ሳይት |
| ሕንፃ | በጣም ቀላል | ከግንባታው ጋር የሚዋዥቅ | ዝቅተኛ መነሻ | መካከለኛ | ገልብጦ መሥራት፣ የዘገየ ክፍያ |
| ዳታ ሴንተር | መካከለኛ | ጥሩ | ጥሩ | ጥሩ | ፈረቃ፣ ስህተት የማይፈቅድ |
| ነዳጅና ማዕድን | ከባድ | የሚዋዥቅ | ከፍተኛ | ጥሩ | ከቤት መራቅ፣ ፈንጂ አካባቢ |
| ኢምቤድድ | በሥራ ናሙና | መካከለኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ወደ ሶፍትዌር ሰፊ | የማያቋርጥ ትምህርት |
| ቺፕ | ከባድ | ጥሩ | ከፍተኛ | ጠባብ | በጥቂት ከተሞች መወሰን |

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

ልምድ የሌለው አዲስ ተመራቂ ከቻለ በየትኛውም ዘርፍ ፍተሻና ኮሚሽኒንግ የሚሠራ ድርጅት ይፈልግ። በአንድ ዓመት ውስጥ ትራንስፎርመር፣ ሪሌይ፣ ኬብል፣ ጀነሬተርና ሞተር በእጁ ያልፋሉ። ዲዛይኑ ወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ ሳይት ላይ የማይሠራበትን ምክንያት የሚያየው እዚያ ነው። ደመወዙ ከሌላው ትንሽ ቢያንስ እንኳ ይህን እመርጣለሁ።

ማታ ማታ ቤቱ መግባት ያለበት ሰው የሕንፃ ዲዛይን፣ የኃይል ዕቅድና ኢምቤድድን ይመልከት። ቶሎ ገንዘብ ማጠራቀም የሚፈልግና ቤተሰብ የማያስረው ደግሞ ነዳጅና ማዕድንን፣ ነገር ግን መውጫ ዓመቱን አስቀድሞ ወስኖ። የራሱን ድርጅት መክፈት ያሰበ ሕንፃን ወይም አውቶሜሽንን ይያዝ።

በትምህርት ላይ የሚያወጣው ገንዘብ ለሌለው ሰው ላፕቶፕ ብቻ ይበቃል። ኪካድና የሰርኪዩት ማስመሰያው ኤልቲስፓይስ ነፃ ናቸው፣ የኮድሲስ የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያና ማስመሰያ ያለ ክፍያ ይወርዳል፣ ኦፕንዲኤስኤስ የማከፋፈያ ኔትወርክ ያሰላል። ትንሽ ገንዘብ ያለው አንድ የማይክሮ ኮንትሮለር ቦርድ፣ መልቲሜትር፣ የ24 ቮልት ፓወር ሰፕላይና ያገለገለ ትንሽ ፒኤልሲ ይግዛ፤ ሁለት ፑሽ በተንና አንድ ኮንታክተር ጨምሮ የሞተር ማስነሻ ይሥራ። የተሻለ አቅም ያለው ደግሞ ገንዘቡን በርካሽ የኦንላይን ሰርተፍኬቶች ከመበታተን ለአንድ የታወቀ ሥልጠና፣ ማለትም ለሪሌይ ፍተሻ፣ ለፈንጂ አካባቢ ወይም ለአንድ አምራች የድራይቭ ኮርስ ያውለው።

## ከመፈረምዎ በፊት

ቃለ መጠይቁ ላይ እርስዎም ይጠይቁ። ለኃይል ድርጅት፦ የሪሌይ ሴቲንግ የሚሰላው እዚህ ነው ወይስ በአማካሪ? ለፋብሪካ፦ ባለፈው ወር መስመሩን ብዙ ጊዜ ያቆመው ምን ነበር፣ ማንስ ጠገነው? ለዲዛይን ቢሮ፦ ስሌቱን ማን ይፈትሻል፣ ሳይት ላይ የመውጣት ዕድል አለ? ለኮንትራክተር፦ ይህ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚቀጥለው ተፈርሟል? መልሱ ዝርዝር ከሆነ ሥራው በእውነት እዚያ አለ። «ሁሉንም ትማራለህ» የሚል ጥቅል መልስ ብቻ ከተሰጠ፣ ሥራውን አሁን የሚሠራውን መሐንዲስ ለአሥር ደቂቃ ለማነጋገር ይጠይቁ።

የደኅንነት ጥያቄም አይዝለሉ። የሎክአውት ቁልፍ (በጥገና ጊዜ ኃይል እንዳይበራ የሚቆለፍበት) ለእያንዳንዱ ሰው ይሰጣል? ከሥራ በፊት ኃይል መጥፋቱን በመለኪያ የማረጋገጥና ኧርዝ የማድረግ ደንብ በጽሑፍ አለ? አርክ የሚቋቋም ልብስ የሚገዛው ማነው? ይህን ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጨፈግግ ቀጣሪ ጋር ከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ አይሠራም፤ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን።

ውሉ ላይ ሦስት አንቀጾች በጥንቃቄ ይነበቡ። አንደኛ፣ ለሥልጠና የወጣ ወጪ ማስመለሻ፦ ስንት ዓመት ያስራል፣ ዕዳው በየወሩ ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው? ሁለተኛ፣ ከለቀቁ በኋላ በተመሳሳይ ሥራ አለመሰማራት የሚለው ክልከላ፤ ዘርፉን ሁሉ የሚዘጋ ከሆነ ወደ ጥቂት ደንበኞችና ወደ አጭር ጊዜ እንዲጠብ ይደራደሩ። ሦስተኛ፣ የሥራ ቦታ፦ «እንደ አስፈላጊነቱ» ከሚል ይልቅ ሳይቱ፣ የዕረፍት ዙሩና የመመለሻ ትራንስፖርት ከፋይ በስም ይጻፍ።